የዘንዶ ደም፤ በአክሱም ተረትና በጠረጴዛ ጨዋታ

ዘንዶን በመጀመሪያ ያወቅነው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በአዲስ ቅዳም ያደግን እንደ መሆናችን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ብሩታዊትም ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት አይተናል። ከእኛ መካከል ዘንዶውን መሆን የተመኘ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ ዘንዶ መሰል ሰው የሚኮንበት ጨዋታ እንዳለ በተረዳን ጊዜ ነገሩን መመርመር ወደድን።

ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ አወጡት። ተጫዋቾቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ታሪኩን ሲመራ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ባለታሪክ ይዘው የሚያደርገውን ይናገራሉ። የሚያጠራጥረው ነገር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል።

በዚህ ጨዋታ ዘንዶ ብዙውን ጊዜ ጠላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ድራገንላንስ» ውስጥ ዘንዶ መሰሎቹ ከተሰረቀ የደግ ዘንዶ እንቍላል የተፈለፈሉ የክፉዎች ወታደሮች ናቸው። በ2008 ግን «ድራገንቦርን» የተባለው ወገን በዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍ ከሰው ጋር ተሰለፈ። በ2014ቱ መጽሐፍ እንደ ተገለጸው ይህ ፍጥረት በሁለት እግሩ ይቆማል፤ ገላው ቅርፊት አለው፤ ክንፍና ጅራት ግን የለውም። የቀይ ዘንዶ ዘር ከሆነ እሳት፣ የነጭ ከሆነ ቍር፣ የጥቁር ከሆነ አሲድ ይተፋል። ደግ ወይም ክፉ መሆኑን ግን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው።

በአገራችንም የዘንዶ ደም የነካው ሰው ታሪክ አለ። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የአክሱም ተረት፣ እትዬ አዘብ የምትባል ልጅ ለዘንዶ ግብር ትሆን ዘንድ ከዛፍ ታስራ ነበር። ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር ዐረፉ፤ እንባዋም ወረደባቸው። ምክንያቱን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ዘንዶውን ገደሉት፤ ነገር ግን ደሙ እግሯ ላይ ቢንጠባጠብ ተረከዟ የአህያ ተረከዝ ሆነ። የአገሩ ሰዎች ይህችን ልጅ አለቃቸው አደረጓት። እርሷም ፈውስ ፍለጋ ወደ ሰሎሞን ሄደች፤ ደጁን ስትረግጥ እግሯ እንደ ቀድሞው ሆነ።

ሁለቱን ስናነጻጽር ልዩነቱ ግልጽ ነው። በተረቱ የዘንዶ ደም ሊድን የሚገባው ነውር ነው፤ በጨዋታው ግን ሊሠሩበት የሚቻል ኀይል ነው። ሆኖም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ደሙ ብቻውን ሰውን አይወስንም። እትዬ አዘብ አለቃ የሆነችው ተረከዟ ገና ሳይድን ነውና።

ይህ ፍሬ ነገር ተረት ብቻ አይደለም። በአገራችን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው «ቡዳ ነው» እየተባሉ በትውልዳቸው ሲነቀፉ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጁን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ልማዱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ማረሻውን ከቀጥቃጩ፣ ምጣዱን ከሸክላ ሠሪዋ የሚገዛ ገበሬ ከእነርሱ ጋር በጋብቻ መዛመድን ይሸሽ ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ዘንዶን ስላስጌጠ ሳይሆን፣ ከተፈራ ወገን የተወለደውን በሥራው እንድንመዝነው ስለሚያስገድደን ሊጠና ይገባዋል ብለን እናምናለን።