ለ500 ሰው ከተማ የ134 ሜትር ካቴድራል

በጀርመን፣ ከራይን ወንዝ ዳር፣ ሽፓየር የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ የካቴድራሏን መሠረት ሲያስጥል ነዋሪዎቿ ከ500 ብዙም እንደማይበልጡ ይገመታል። ካቴድራሉ ግን 134 ሜትር ይረዝማል። ርዝመቱን ለነዋሪው ብናካፍል ለእያንዳንዱ፣ ለጨቅላ ሕፃን ሳይቀር፣ 27 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ከስንዝር የሚያልፍ የካቴድራል ድርሻ ማለት ነው!

ሕንፃው ሮማነስክ በሚባለው ጥንታዊ የአውሮፓ አሠራር የቆመ ነው፤ ግንቡ ወፍራም፣ ቅስቱ ግማሽ ክብ። ወደ ውስጥ ዘልቆ ቀና ያለ ሰው የመካከለኛውን አዳራሽ ጣሪያ የሚያገኘው 33 ሜትር ላይ ነው፤ 10 ፎቅ ያለው ሕንፃ ከነቁመቱ ይገባበታል። ይህ ከፍታ በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። ካቴድራሉ በ1061 ሲባረክ ጣሪያው እንጨት ነበር። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ የኮንራድ የልጅ ልጅ አራተኛው ሄንሪ ተሠርቶ ካለቀው ሕንፃ ግማሽ ያህሉን አፍርሶ ግድግዳውን 5 ሜትር ያህል አስጨመረ፤ እንጨቱንም በድንጋይ ቅስት ተካው።

ከመሠዊያው በታች በደረጃ ሲወረድ ሌላ ስፋት ይጠብቃል። የምድር ቤቱ ቤተ ጸሎት 850 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ቁመቱ 7 ሜትር ነው፤ በ1041 ተባርኮ እስካሁን ሳይናወጥ ቆሟል። በዚሁ በኩል 4 ነገሥታትና 4 ንጉሠ ነገሥታት አርፈዋል። ከእነርሱም አዶልፍ እና ቀዳማዊ አልብሬክት በ1298 ለዘውድ የተዋጉ ባላንጣዎች ናቸው። አዶልፍ በዚያ ጦርነት ወደቀ፤ በ1309 ግን ሁለቱም እዚሁ ጎን ለጎን ተቀበሩ።

በ1689 የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን አቃጠለ። ሕዝቡ ይተርፍልናል ብሎ የቤት ዕቃውን በካቴድራሉ ውስጥ ከምሮ ነበርና ክምሩ ለእሳቱ ማገዶ ሆነው። የአዳራሹ ምዕራባዊ ክፍል ፈረሰ፤ የተጠገነውም ከ83 ዓመት በኋላ፣ ከ1772 ጀምሮ ነው። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። የሮማነስክ አሠራር ካለፈበት ከ500 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሆኖም አዳሾቹ የዘመናቸውን ፋሽን ትተው የፈረሰውን ክፍል ቀድሞ በነበረው መልክ አቆሙት።

ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ገንዳ ተቀምጧል። አዲስ ጳጳስ ሲሾም በወይን ጠጅ ተሞልቶ ለሕዝብ ይቀርባል፤ ከ1,500 ሊትር በላይ ይይዛል። መሠረቱ ሲጣል ለነበሩት 500 ሰዎች ቢታደል ለእያንዳንዱ 3 ሊትር ይደርሰው ነበር። ለዛሬዎቹ 50,000 ገደማ ነዋሪዎች ግን ከሁለት ጉንጭ አያልፍም።

ሜትሩንና ሊትሩን ማስላት ቀላል ነው፤ ከባዱ የዓመታቱ ስሌት ነው። በ1030 በ15 ዓመቱ ድንጋይ መጥረብ የጀመረ ልጅ፣ ሄንሪ በሞተበት በ1106 በሕይወት ቢኖር 91 ዓመት ይሆነው ነበር። ከመሠረት ጣዮቹ መካከል ዛሬ የምናየውን የድንጋይ ጣሪያ ለማየት የታደለ ቢኖር እንኳ እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ካቴድራል ትልቅነት የሚለካው ፍጻሜውን እንደማያዩ እያወቁ ባልሰነፉት በእነዚያ እጆች ነው።