ባልና ሚስት በዋግ መንገድ

እንደሚታወቀው በአገራችን ባልና ሚስት አብረው መንገድ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ለለቅሶ፣ ለሰርግ ወይም ለሕክምና ነው። «ሁለታችን ብቻ ወጣ ብለን እንምጣ» ቢባል ጎረቤት ይገረማል፤ ገንዘብ የተረፋቸው ይመስለዋል። እኛ ግን በ2011 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ልጆቻችንን ለአያታቸው ሰጥተን ከዘመድ በተዋስናት አሮጌ ቶዮታ ከደሴ ወደ ሰቆጣ ተጓዝን።

ውድ አንባቢያን! ሁለታችንም መምህራን ነን። አንዳችን በጠዋት፣ አንዳችን በከሰዓት ፈረቃ ስለምናስተምር በር ላይ የምንተላለፍ ሰዎች ሆነን ነበር። ማታ ስንገናኝም ወሬያችን የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ ነው። በዚያ ላይ አንዳችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የመሄድ ሐሳብ ነበረን። ጉዳዩ ለወራት ተንጠልጥሎ ሲቆይ ደፍሮ ያነሳው አልነበረም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ጉዞ ሲወጡ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ያወጡና ዕጣው የደረሳትን ይዘው ይሄዱ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በጉዞ ላይ ሩጫ መወዳደራቸውም የታወቀ ነው። ያን ያህል ኃላፊነት የተሸከሙ ነቢይ ለትዳራቸው ጊዜ ካገኙ እኛ ምን ምክንያት አለን?

ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወልድያ በኋላ መንገዱ በድልብ በኩል እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣና ጋሸና ደጋ ላይ ያደርሳል። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ አደርን። በማግስቱ ቢልባላን አልፈን ወደ ሰሜን ስንቀጥል መንገዱ ኮረኮንች ነበር። ቀስ ብሎ ከመንዳት በቀር አማራጭ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ደግሞ ያወራል። ለወራት የሸሸነው ጉዳይ የተነሳው በዚሁ ኮረኮንች ላይ ነው።

የዋግ ምድር ገደልና ሸንተረር የበዛበት፣ በበጋ ሣሩ የሚደርቅበት ነው። ዙሁርና ዐስርን አሳጥረንና አጣምረን በአንዲት ግራር ጥላ ሥር ስንሰግድ የተየሙም ታሪክ ትዝ አለን። ይህ ድንጋጌ የወረደው በጉዞ ላይ የዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንገት ጌጥ ጠፍቶ፣ እርሱን ለመፈለግ ሲባል ሰዉ ውኃ በሌለበት ስፍራ በቆመ ጊዜ ነበር። ለሚስት ንብረት ሲባል የተደረገ ቆይታ ለሙስሊሞች ሁሉ መግራት ምክንያት ሆነ።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ነዋሪው ከአማርኛ ጋር ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን ኽምጣናን ይናገራል። አገሩን ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩት ዋግሹሞች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። በከተማዋ አቅራቢያ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የመጣ አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ትልቅ የነጋዴ ከተማም ነበረች። ዛሬም ገበያዋ ማሩንና ፍየሉን ያወጣል፤ ከቆላው ከአበርገሌ ዕጣን ይመጣል። የተከዜ ግድብ ውኃ ከተኛ ወዲህም ዓሣ ማስገር በአካባቢው ተለምዷል።

ብዙዎቻችን ዋግን የምናውቀው በረሃብ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ጎድቶታል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉ ያለ ነገር አይደለም። «ታዲያ በችግረኛ አገር ሽርሽር ምን ይባላል?» ያሉን ነበሩ። መልሳችን አጭር ነው፦ መንገደኛ የሚተኛበትን፣ የሚበላውንና የሚገዛውን ሲከፍል ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። ለማር ሻጯ እናት ዋጋውን ሳንከራከር ስንከፍል ደስታዋን አይተናል፤ ሻጭ የሚፈልገው ገዢ እንጂ የሚያዝንለት ብቻ አይደለም።

ሰቆጣ ባደርንበት ሁለተኛ ሌሊት ነገሩን ቋጨን። የዐረብ አገሩ ገንዘብ ስንት እንደሆነ በወረቀት ጻፍን፤ ከጎኑ ልጆቻችን ያለ አባት ወይም ያለ እናት የሚያድጉባቸውን ዓመታት ጻፍን። ከዚያም መሄዱ እንዲቀር፣ በትርፍ ሰዓት ማስጠናት እንድንጀምር ተስማማን። ኑሮው አልቀለለልንም፤ ነገር ግን ሸክሙን አብረን መረጥነው።

ከዚያ ወዲህ ዋግ ብዙ ፈተና አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ፤ በርካታ ሕዝብም ተፈናቀለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተባባሰው ግጭት ደግሞ መንገዱን ለመንገደኛ አስጊ አደረገው። ስለዚህ መሄድ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው ይጠይቅ፤ ሰላም ካልሆነ ይቆይ። ሰላም ሲሆን ነዳጅ ሞልቶ፣ ትርፍ ጎማና የመጠጥ ውኃ ይዞ፣ ሳይመሽ ማደሪያው እንዲደርስ አስቦ ይነሳ።

ሰቆጣ ሩቅ ከሆነባችሁ ቅርብ ያለ ኮረብታም ይበቃል። ዋናው ርቀቱ ሳይሆን ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ መንገድ ማየታቸው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለዋግ ሕዝብና ለአገራችን ሰላሙን ያውርድ፤ በየቤታችንም መዋደድንና እዝነትን ያኑር። አሚን።