መጀመሪያ ሲሙን ጠይቁ

ወልዲያ ላይ ጥገና ቤት ከፍቶ የተቀመጠ ሰው «ታብሌት ሳምሰንግ ይሻላል ሌኖቮ?» ሳይባል አይውልም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የተማሪ አባት ነው፤ አለዚያም እህቱ ከሪያድ ደውላ «ምን ዓይነት ልላክ?» ያለችው የሀብሩ ሰው። እኔ ደግሞ ማርካውን ትቼ «ቤታችሁ ዋይፋይ አለ ወይ?» እላለሁ። ከሌለ ታብሌቱ ሲም የሚቀበል መሆን አለበት። የአባትየውን ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ መጠቀም ይቻላል፤ አባት ሥራ ሲሄድ ግን ኢንተርኔቱም አብሮት ይሄዳል።

በዚህ የሚሸወደው ብዙ ነው። ጋላክሲ ታብ ኤ7 ላይትን ውሰዱ። መልኩ አንድ፣ ስክሪኑ አንድ፣ ባትሪውም አንድ ሆኖ ቲ220 የሚለው ሲም አይቀበልም፤ ቲ225 ግን ይቀበላል። ቁጥሩ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ቀዳዳ አይታችሁ አትገምቱ፣ የዋይፋዩም የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው። ትሪውን በመርፌ አውጥታችሁ የሲም ቦታ መኖሩን እዩ።

ከዓረብ አገር የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ ሌላም ጣጣ አለው። አንዲት የመርሳ እናት ልጃቸው የላከችላቸውን ይዘው መጡ፤ ፎርማት ተደርጓል፣ ሲከፈት ግን የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል። የአሠሪዎቿ ልጆች ሲጫወቱበት የነበረ ነው፤ ኢሜይሉን ማን ያስታውሰው? «አንተ ክፈትልኝ ልጄ» አሉኝ። የማን እንደሆነ ያልተረጋገጠ ዕቃ አልከፍትም፤ ብዙ ሰው ይቀየመኛል፣ ይቀየም። ላኪዋ ፎርማት ከማድረጓ በፊት ሴቲንግ ገብታ አካውንቱን ብታጠፋው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስም የለሽ ታብሌት ላይ «12 ጂቢ ራም፣ 512 ጂቢ» የሚል ስቲከር ስታዩ ደግሞ ጠርጥሩ። ሴቲንጉ ራሱ የውሸት ቁጥር እንዲያሳይ ተደርጎ የሚመጣ አለ። ጉዱ የሚታወቀው ፊልም ሲሞላበት ነው፤ ፋይሉ ያለ ይመስላል፣ ሲነካ አይከፈትም።

መርሳ ከወልዲያ ይሞቃል። ለማንጎና ለፓፓያ የተመቸው አየር ለባትሪ አይመችም፤ አምራቾቹም ከ35 ዲግሪ በላይ እንዳይሠራበት ይመክራሉ። ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ወፍራም ከቨር ለብሶ ቪዲዮ ሲያሳይ የሚውል ታብሌት ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል። ብዙዎቹ የሚያመጡልኝ ከተላቀቀ በኋላ ነው።

ኔትወርክና መብራት ሁልጊዜ አይገኙም። ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ ታብሌት ሲገዛ ፓወር ባንክም አብሮ ተገዝቷል፤ በ2011 ይካሄዳል የተባለው ቆጠራ ግን ተራዘመ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት ታብሌት ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መዝግቦ ሲገኝ ይልካል። የተማሪም እንዲሁ ቢሆን ይመረጣል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያገለገለው ቀድሞ የወረደ መጽሐፍ ነበር። ለዚህ ሲባል ከራሙ ይልቅ ማስቀመጫው ላይ ገንዘብ ብትጨምሩ እመርጣለሁ።

አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ወላጅ ምክሬ ይህ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ሲም የሚቀበል፣ ቢያንስ 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ማስቀመጫ ያለው፣ ቻርጁ ታይፕ ሲ የሆነ፣ ስክሪኑ ቢሰበር ደሴ ወይም አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚገኝለት። ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሲም አስገቡና እዚያው ሱቁ ውስጥ ደውሉበት ወይም ኢንተርኔት ክፈቱበት።