ጎመን በጤና፣ ግን ስንት ጭልፋ?

ከሆስፒታል ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አለች፦ «ለሦስት ወር ከ5 ኪሎ በላይ እንዳታነሺ።» ቆሼ ለሚኖር ሰው ይቺ መስመር ቀልድ ትመስላለች። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ በጀሪካን ተቀድቶ መቀመጥ አለበት። ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ሊትር ውኃ ደግሞ 20 ኪሎ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በእኔ ስም ይጻፍ እንጂ ትዕዛዙ የደረሰው እናቴን ነው። እኔ የማላነሳውን እሷ ታነሳለች።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባል ነገር ያስተምሩናል፦ አንድ ነገር ለማግኘት ብላችሁ የተዋችሁት ሌላ ነገር፣ ከኪሳችሁ ብር ባይወጣም፣ ዋጋ ነው። ፈተና ላይ በደንብ መልሼዋለሁ። በእውነት የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው፤ ደረቴ ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ እናቴ ጉልቷን ትታ አጠገቤ ስትቀመጥ።

በሽታዬ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። አጀማመሩ ተራ ነው፤ ልጅ እያለን ሁላችንንም የሚይዘን የጉሮሮ ሕመም። ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነና በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የልብ ቫልቭ ያጠቃል። በጠባብ ቤት ብዙ ሰው የሚያድርበትን ሰፈር ይወዳል። እኛ በአንድ ክፍል አምስት ሆነን ነው ያደግነው፤ «ቶንሲል ነው» እየተባለ በዝንጅብል ሻይ የታለፈ ስንት ጉሮሮ እንዳለ ማን ይቆጥራል። በሀብታም አገሮች በሽታው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እዚህ ግን ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በ2001 ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ በዶ/ር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው ድርጅት ልጆችን ወደ ውጭ እየላከ ነበር የሚያሳክመው። ዛሬም ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ናቸው። የእኔ ተራ የደረሰው ጥር ላይ ነው፤ አብዛኛውን ወጪ በጎ አድራጊዎች ሸፈኑልኝ።

ሰው ሁሉ ስለ ቀዶ ሕክምናው ይጠይቀኛል። እሱን እኔ አላውቀውም፣ ተኝቼ ነበር። የማውቀው ቤት ከገባሁ በኋላ ያለውን ነው።

የደረት አጥንት መሃል ለመሃል ይሰነጠቅና ሥራው ሲያልቅ በሽቦ ይታሰራል። አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ በእጅ ተደግፎ መነሳት የለም፣ መግፋት የለም፣ መጎተት የለም። ሳል ሲመጣ ትራስ ደረት ላይ አቅፎ ነው የሚሳለው። እኛ ቤት ደግሞ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። እስኪ ስልካችሁን አስቀምጡና በእጃችሁ ሳትደገፉ ከመሬት ለመነሳት ሞክሩ። ጎረቤታችን የልጇን አልጋ አዋሰችን። የጋራ መጸዳጃ ቤቱም ቁጢጥ የሚባልበት ስለሆነ አንድ የሰፈራችን አናጢ የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን ቆርጦ አመጣልን። እናቴ ገንዘብ ልትሰጠው ስትል ተቆጣ።

ቆሼን ባታውቁት ስሙን ታውቁታላችሁ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት አገር ሐዘን ተቀምጧል። ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ነሐሴ 2010 ተመረቀ። ሰፈራችን በዜና የሚነሳው በነዚህ ነው። የእኔ የሦስት ወር ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ሐኪሜ ቤቱ አየር ያግኝ ብለዋል። ሳንባ ውስጥ አክታ እንዳይጠራቀምም በየሰዓቱ በረጅሙ እንድተነፍስ ታዝዣለሁ። ነፋሱ በክምሩ በኩል ሲመጣ በረጅሙ መተንፈስ ምን እንደሚመስል ለዘነበወርቅ ልጅ አይነገርም። እናቴ በራሷ ሙከራ መላ አገኘች፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ነፋሱም የቆሻሻ መኪኖቹም ሳይነሱ፣ ትከፍተዋለች፤ 2 ሰዓት ላይ ትዘጋዋለች። የመተንፈስ ስፖርቴ በሙሉ በነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ አለቀ።

ጠያቂ የሚባል ነገርም አለ። በመጀመሪያው እሑድ 23 ሰው ገባ። ቆጥሬያለሁ፣ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ግማሹ ጉንፋን የያዘው ነው፤ ሁሉም ደግሞ ይስማል። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ በር ላይ ወንበር አስቀመጠች፦ «እዚሁ ሆናችሁ ጠይቋት።» አንዲት ሽማግሌ ጎረቤታችን ከፋቸው። «እኔ ያሳደግኳትን ልጅ በር ላይ ሆኜ ልጠይቅ?» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ማስክ አድርገው ተመለሱ፤ በእጃቸው ግን በብርጭቆ የተጨመቀ ዳማ ከሴ ይዘዋል። እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ጣጣው ዋርፋሪን ነው። የተተካልኝ ቫልቭ ሰው ሠራሽ ነው፤ ሰው «የብረት» ይለዋል። ሌሊት ጸጥ ሲል ድምፁ ይሰማኛል። አንዲት ጓደኛዬ ቮይስ ልኬላት «የማን ሰዓት ነው?» ብላኛለች። እዚያ ቫልቭ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ዕድሜ ልኬን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ስልኬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይጮሃል። መጠኑ የሚስተካከለው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው፤ የእኔ በ2.5 እና በ3.5 መካከል መቆየት አለበት። ከወረደ ደሙ ይረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ከወጣ መድማት ይመጣል። ራስ ምታት ሲነሳ ከፋርማሲ እንደ ድሮው ዳይክሎፌናክ ገዝቶ መዋጥ ቀረ፣ መድማቱን ያባብሳል። የአገር መድኃኒትም ሳይጠየቅ አይጠጣም። እናቴ የእማማን ዳማ ከሴ ተቀብላ «ሐኪሟን ልጠይቅ» ስትላቸው ፊታቸውን ብታዩት!

አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች የሉም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ምርመራ የማያበዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ቫልቭ ግን አልሆኑም። ከመካከላቸው ዳቢጋትራን ተሞክሮ የደም መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ጥናቱ ቆመ፤ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ከዚያ አቢይ ፆም ገባ። እናቴ ለእኔ ብቻ የሚሠራ ወጥ የላትም፤ የቤቱ ወጥ የሁላችንም ነው፣ ወጡ ደግሞ ጎመን ሆነ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ይቃወማል። በሚቀጥለው ቀጠሮ አይኤንአሬ 1.7 መጣ። ሐኪሜ ወረቀቱን አይተው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ፆም ገባ እንዴ?» የነገሩኝ ግን የጠበቅኩትን አልነበረም። ጎመን ተዪ አላሉም። «መጠኑን አንድ ዓይነት አድርጊው፤ ክኒኑን ከምትበዪው ጋር እናስማማዋለን» አሉኝ። ጎመን በጤና የሚለው ተረት ስንት ጭልፋ እንደሆነ አይናገርም። የእኔ በቀን አንድ ጭልፋ ነው፣ በፆምም በፍስክም።

አሁን ሒሳቡን ልሥራው። በሦስት ወር ውስጥ ለአይኤንአር 9 ጊዜ ሄጃለሁ። ከዘነበወርቅ ሜክሲኮ በታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አራተኛ ሆኖ መቀመጥ፣ ሽቦ ደረት ውስጥ ይዞ። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥተን 8 ሰዓት ላይ እንመለሳለን፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ። በ9 ሲባዛ 72 ነው። ብቻዬን መሄድ ስለማልችል እናቴም 72። ለሁለታችን 144 ሰዓት። ደሙን መቅዳት የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው።

እናቴ ጉልት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። 11 ሳምንት አልወጣችም። የቀረባት የቀን ትርፉ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ጉልት ላይ ዋናው ሀብት ቦታውና ደንበኛው ነው፤ ሁለቱም ባለቤታቸው ሲጠፋ አይጠብቁም። ይህ ኪሳራ በየትኛውም ሆስፒታል ደረሰኝ ላይ የለም።

አገራዊ ሒሳብ ላይም የለም። የአገሮች ጠቅላላ ምርት የሚሰላበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት አንድ አስቂኝ ነገር አለው፦ ለቤት የሚቀዳ ውኃ እንደ ምርት ይቆጠራል፣ በቤት ውስጥ ያለ ክፍያ በሽተኛ ማስታመም ግን አይቆጠርም። እናቴ ጀሪካን ተሸክማ በር እስክትደርስ አምራች ናት ማለት ነው። ውኃውን አሙቃ ቁስሌን ሳትነካ ገላዬን ስታጥበኝ፣ በሥርዓቱ ዓይን ምንም እየሠራች አይደለም።

ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ ወዲያው አይኤንአር የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ የስኳር መለኪያውን ይመስላል። ሌላ አገር ሕመምተኞች ቤታቸው ተቀምጠው ይለኩበታል። እኔ ቤቴ ይግባልኝ አላልኩም። የወረዳችን ጤና ጣቢያ ከቤቴ በእግር 15 ደቂቃ ነው፤ እዚያ አንድ ይቀመጥ ነው የምለው። ቁጥሩን ለሐኪሜ በስልክ መላክ አያቅትም። ስትሪፑ ከውጭ በምንዛሬ የሚገባ ውድ ዕቃ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክርክሩን ክፍል ውስጥ ብሰማው እኔም «በጀት ውስን ነው» ብዬ እጄን አወጣ ነበር። ግን ውድ ነው ስንል ከምን ጋር አወዳድረን ነው? የስትሪፑ ዋጋ ከአንድ ወገን ተጽፎ የእናቴ 72 ሰዓት ከሌላው ወገን በዜሮ ከተያዘ፣ ውድ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ለነፃ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ ስናዋጣ የሚታየን የሆስፒታሉ አልጋ ነው፤ ቤት ያለው አልጋ የተዋሰ መሆኑን የሚጠይቅ የለም።

እናቴ ከፋሲካ በኋላ ወደ ጉልቷ ተመለሰች። ቦታዋን ሌላ ሴት ይዛዋለች፤ ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ግማሹን ለቀቀችላት። የባለፈው አይኤንአሬ 2.8 ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሐሙስ ነው፤ ብቻዬን እሄዳለሁ።