ከብድሩ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍት
የእንጀራ ንግድ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ የመረጃ ባንክ ምን ሊያገኙ ይችላሉ?

በረሆቮት ከተማ በቂርያት ሞሼ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ለሠርግና ለተዝካር እንጀራ በመጋገር ይታወቃሉ። ባለሱቆች «ጨምሩልን» እያሉ ሲጠይቋቸው ቤት ተከራይተው፣ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ገዝተው መጋገሪያ ለመክፈት ወሰኑ። ገንዘቡ የባንክ ብድር ነው። ዋስ የሚሆኑላቸውም ወንድማቸው ናቸው። ንግዱ ቢከስር ዕዳው በሁለት ቤት ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ሊፈርሙ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው በዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ቀን ስጪኝ፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ላንብብ» አለቻቸው።

እናትየው ሣቁ። «እንጀራ መጋገር ደግሞ ከወረቀት ይማሩታል እንዴ ልጄ?»

«መጋገሩንማ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የምፈልገው የንግዱን ነገር ነው።»

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው። እኛም ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን ከልጅቱ ጋር አብረን ተቀመጥን።

የመረጃ ባንክ ምንድን ነው?

በተለመደው ኢንተርኔት ስንፈልግ ማንም የጻፈውን ሁሉ እናገኛለን። የንግድ የመረጃ ባንክ ግን ከዚህ ይለያል። በውስጡ የሚገኙት የኢኮኖሚ መጽሔቶች፣ የጥናት ጽሑፎች፣ የኩባንያዎች ታሪክና የገበያ ዘገባዎች ተመርጠው፣ በርእስ ተለይተው፣ ቀናቸውና ጸሐፊያቸው ተመዝግቦ የተቀመጡ ናቸው። «ኤቢአይ ኢንፎርም» የተባለው የመረጃ ባንክ ከ1971 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። «ቢዝነስ ሶርስ» የተባለውም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋጋቸው ለአንድ ሰው የሚቀመስ አይደለም። የሚከፍሉት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች ከ1998 ጀምሮ «መልማድ» በተባለ የጋራ ማእከል በኩል ከሻጮቹ ጋር ይዋዋላሉ። ተማሪ በመለያ ቁጥሩ ከቤቱም ሆኖ ይገባል። ተማሪ ያልሆነ ሰውስ? ብዙ ውሎች በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር ተቀምጦ ማንበብን ይፈቅዳሉ። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ስላልሆኑ አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ይገባል።

በረሆቮት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና፣ የምግብና የአካባቢ ፋኩልቲ አለ። የተመሠረተው በ1942 ነው። የቂርያት ሞሼ ወጣቶች በአጥሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ ያልፋሉ፤ በውስጡ ስለ ጤፍ ምርምር እንደሚደረግ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ፕሮፌሰር ይሆሹዓ ሳራንጋና ባልደረቦቻቸው የተለያዩ የጤፍ ዘሮች በእስራኤል አየር እንዴት እንደሚበቅሉ አጥንተው በ2018 ጽሑፍ አውጥተዋል።

የመጀመሪያው ስሕተት

ልጅቱ መጀመሪያ የጤፍን ስም በሦስት የላቲን ፊደላት ጻፈች። የመጣላት ሌላ ነገር ሆነ። እነዚያ ሦስት ፊደላት በሳይንስ ቋንቋ የመርዝ መጠን መለኪያ አሕጽሮት ናቸው፤ ስለዚህ ስለ መርዝና ስለ ጭስ የተጻፈ ሁሉ ተዘረገፈ። «ይኼ ለእማዬ ምን ያደርግላታል?» ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጤፍ በእንግሊዝኛ በአንድ «ኤፍ»ም በሁለት «ኤፍ»ም ይጻፋል፤ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» የሚል የሳይንስ ስምም አለው። እንጀራም እንደ ጸሐፊው በተለያየ ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ ተመሳሳዮቹን ስሞች «ኦር» ማለትም «ወይም» በሚለው ቃል አገናኝቶ በቅንፍ ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚያ «ኤንድ» ማለትም «እና» በሚለው ቃል ገበያ፣ ዋጋ ወይም ወደ ውጭ መላክ የሚሉትን ይጨምሯል። «ኦር» መረቡን ያሰፋል፤ «ኤንድ» ያጠበዋል። ሁለት ቃላት ተጣብቀው እንዲፈለጉ ሲፈለግ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባሉ። በመጨረሻም ዓመቱን መወሰን ነው።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲገኝ ደግሞ ከግርጌው የተሰጡትን የርእስ ቃላት መመልከት ይጠቅማል። እነዚያን ቃላት ይዞ እንደገና ሲፈለግ የመጀመሪያው ፍለጋ ያልያዛቸው ጽሑፎች ይመጣሉ።

ምን ተገኘ?

ልጅቱ ካነበበቻቸው ነገሮች እናትየዋን ዝም ያሰኟቸው ሁለት ናቸው።

አንደኛው የእህሉ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር በመስጋት በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለች። የተጋገረ እንጀራ ግን መላክ ይቻል ነበር። በኋላ ክልከላው በተወሰነ መጠን ላላ። ከዚህ የምንማረው፣ በአንድ አገር እህል ላይ ብቻ የቆመ መጋገሪያ በአንድ የመንግሥት ውሳኔ ሊቆም እንደሚችል ነው። ጤፍ በሌላ አገርም ይመረታል። ለምሳሌ በአሜሪካ በአይዳሆ፣ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ የነበሩ ዌይን ካርልሰን የተባሉ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ ማምረት ጀምረዋል።

ሁለተኛው የባለቤትነት ክርክር ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስለ ጤፍ ተዋዋለ። በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። በኔዘርላንድ ፓተንቱ እንዳይጸና ያደረገው በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። አያቶቻችን ሲፈጩት የኖሩት ዱቄት በፍርድ ቤት እንዲህ ማከራከሩ እናትየውን አስገረማቸው። «እኛ ሳንጽፈው ሌላው ጻፈው» አሉ።

የማይገኘው ነገር

የመረጃ ባንኩ ሁሉን አያውቅም። በቂርያት ሞሼ ሱቆች በሳምንት ስንት እንጀራ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ባለሱቅ በሰዓቱ እንደሚከፍል የሚናገር ጽሑፍ የለም። ይህን በእግር ዞሮ መጠየቅ ነው። ስለ እስራኤል ገበያ ደግሞ በነጻ የሚገኙ ምንጮች አሉ። ማእከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ ስለ ማኅበረሰባችን በየዓመቱ ቁጥር ያወጣል። በ2022 መጨረሻ በእስራኤል የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ተወላጅና ልጆቹ ወደ 168,800 እንደሚደርሱ ያስታወቀው እርሱ ነው። እህል የሚሸጥልን ኩባንያ በእርግጥ መኖሩን ከኩባንያዎች መዝጋቢ ማጣራት ይቻላል። በዕብራይስጥ የተጻፉ ጽሑፎችን ለማግኘት የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ማውጫ አለ። የንግድ እቅድ ለማዘጋጀት የሚረዱ የ«ማዖፍ» ማእከላትም አሉ።

ይህ ዕድል በእስራኤል ብቻ የተወሰነ አይደለም። በኢትዮጵያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም በ2003 በተጀመረው «አጎራ» በተባለ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አገልግሎት በኩል የግብርና መጽሔቶችን ማንበብ ይችላሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ዲግሪያቸውን ብቻ እንጠብቃለን። የሚከፍቱት በር ግን ለወላጅም ይጠቅማል። ልጅዎ ተማሪ ከሆነ ወይም ከሆነች፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይስጡ፤ «ይህን ሥራ ከእኔ በፊት የሞከረው ማን ነው? ምን ገጠመው?» ልጅ ከሌለዎት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ይጠይቁ። ሥራዋ ነውና አያፍሩ።

እናትየው መጋገሪያውን አልተዉትም። ብድሩን ግን በግማሽ ቀንሰው፣ በሁለት ምጣድ ለመጀመርና ከሁለት አስመጪዎች ዋጋ በጽሑፍ ለመቀበል ወስነዋል። ወንድማቸውም ዋስነቱን የሚፈርሙት ያንን ወረቀት ካነበቡ በኋላ ነው።