የስልክዎ ሀቢላ ኢትዮጵያን ይጨምራል?

በበኤር ሼቫ ሽኩና ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው ዓመት ጎንደር ያለች እህታቸው ባሏ ሞቶባት በስልክ ሲያጽናኗት ሰነበቱ። ቀደም ሲል አንድ ሻጭ ደውሎ «ወደ ውጭ አገር እንደልብዎ ይደውላሉ» ብሎ ሀቢላ ሸጦላቸው ስለነበር ደቂቃ አልቆጠሩም። በወሩ መጨረሻ የመጣው ሐሽቦን ግን ከወትሮው ብዙ እጥፍ ሆነባቸው። «ውጭ አገር» የተባለው በኩባንያው ዝርዝር ላይ ያሉት አገሮች ብቻ ኖሯል። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም።

ስለዚህ ሀቢላ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ኢትዮጵያ በስሟ ተጽፋለች? ወደ ሞባይል መደወልንስ ይጨምራል ወይስ የቤት ስልክ ብቻ? ደቂቃው ሲያልቅ እያንዳንዱ ደቂቃ ስንት ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል አይምሰልዎ፤ ዛሬ አብዛኛው ዘመዳችን የያዘው ሞባይል ነው። ደቂቃው 1 ሼቄል ቢሆን እንኳ የ40 ደቂቃ ለቅሶ 40 ሼቄል ይሆናል፤ ለቅሶ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም።

በዘመቻ ሰለሞን ጊዜ የመጡት እንደሚያስታውሱት ያኔ ወደ ውጭ የሚያስደውለው ቤዜቅ ብቻ ነበር፤ ስልክ ውድ ስለነበር ብዙ ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልክ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ሌሎች ኩባንያዎች ገቡ፤ 012፣ 013 እና 014 የሚባሉት መደወያዎችም የየኩባንያው መለያ ሆኑ። ከመለያው በኋላ 251፣ ቀጥሎ የዘመድዎ ቁጥር ያለ መጀመሪያው ዜሮ ይደወላል። ሂሳቡን የሚልክልዎ የደወሉበት መለያ ባለቤት ነው። ደንበኛ ባልሆኑበት መለያ መደወል ብዙ ጊዜ ያስወድዳል።

«ዋትሳፕ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉ ልጆች አሉ። እውነት ነው፣ ዋትሳፕ በደቂቃ አያስከፍልም። ነገር ግን ኢንተርኔት ይበላል፤ ቪዲዮው ከድምፁ ብዙ እጥፍ ይበላል። እኛ ቤት ዋይፋይ አለ፤ እዚያ ያለችው እህት ግን በብር ካርድ ገዝታ ነው የምታነጋግረን። ፊቷን ካዩ በኋላ ቪዲዮውን ዘግተው በድምፅ ቢቀጥሉ ይቀልላታል። ደግሞም ኢንተርኔት ይጠፋል። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ የዘመዱን ደህንነት ለመስማት ተራ ስልክ የግድ ነበር። ስለዚህ ተራውን ጥሪ ጨርሶ አይተዉት፤ ዋጋውን ግን አስቀድመው ይወቁ። (ሰዓቱንም አይርሱ፦ በቃይጽ ሰዓታችን እኩል ነው፣ በሖሬፍ ኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች።)

የቤት ኢንተርኔት ለልጆች ብቻ አይደለም። የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ የቢቱአሕ ለኡሚ ወረቀት፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ መልእክት፣ የሥራ ማስታወቂያና ምዝገባ ዛሬ አብዛኛው በእርሱ ያልፋል። ቀድሞ ለመስመሩ ለአንዱ፣ ለአገልግሎቱ ለሌላው ኩባንያ ይከፈል ነበር። አሁን ሁለቱን ከአንድ ቦታ መግዛት ይቻላል። ከባንክዎ ኦራአት ቀባ ላይ ለሁለት ኩባንያ እየወጣ እንደሆነ ልጅዎ ይይልዎት።

በስልክ ተደውሎ ለተሸጠ ነገር ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ማንኛውም ሰው በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይችላል። 65 ዓመት የሞላው ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው ኦሌ ሐዳሽ ግን ሻጩ አነጋግሮት የገዛ ከሆነ 4 ወር አለው። የ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የገዢውን ቋንቋ አለማወቅ መጠቀሚያ ማድረግንም ይከለክላል። ስለዚህ ዕብራይስጡ ካልገባዎ «እሺ፣ እሺ» አይበሉ፤ «በጽሑፍ ላኩልኝ» ብለው ስልኩን ይዝጉ። ከ2023 ወዲህም የማስታወቂያ ጥሪ እንዳይደወልልዎ ቁጥርዎን የሚያስመዘግቡበት የመንግሥት መዝገብ አለ።

እኚያ እናት 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ ከገዙም ሁለት ወር ብቻ ነበር። ልጃቸው የስረዛ ደብዳቤ ጻፈ፣ የሽያጩም የስልክ ቅጂ እንዲሰማለት ጠየቀ። ኩባንያው ሀቢላውን ሰርዞ ከተጨመረው ሂሳብ ግማሹን መለሰ። ለቀሪው ግማሽ አሁንም እየተጻጻፉ ናቸው።