ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ አመጋገብና የቫይታሚን ዲ እጥረት

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በማይለያት አገር የሚኖር ሰው የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊያጋጥመው ይችላል ቢባል ለብዙዎች እንግዳ ነገር መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የቀን ሰዓቱን በቢሮ ውስጥ የሚያሳልፍና ለረጅም ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀብ ሰው ይህን ቫይታሚን የሚያገኝባቸው ሁለቱም መንገዶች በአንድ ጊዜ ሊጠቡበት ይችላሉ።

እ.ኤ.አ በ1922 ስያሜውን ያገኘው ቫይታሚን ዲ ሰውነት ካልሲየምንና ፎስፈረስን ከምግብ እንዲወስድ የሚረዳ ሲሆን፣ ለአጥንትና ለጡንቻ ጥንካሬ አስፈላጊ ነው። ከሌሎች ቫይታሚኖች የሚለየውም በአብዛኛው ከምግብ የሚገኝ ሳይሆን፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ቆዳን ሲነካ በሰውነት ውስጥ የሚዘጋጅ በመሆኑ ነው። በቆዳ የተዘጋጀው ቫይታሚን በመጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎም በኩላሊት ተለውጦ ለአገልግሎት ይበቃል።

በተፈጥሮ ቫይታሚን ዲ የሚገኝባቸው ምግቦች ጥቂት ናቸው። በዋናነት የሚጠቀሱት ቅባታማ የዓሣ ዝርያዎች፣ የእንቁላል አስኳልና ጉበት ሲሆኑ፣ ሁሉም የእንስሳት ውጤቶች ናቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ ለጤና ጠቃሚ ምግቦች ቢሆኑም ይህን ቫይታሚን አይሰጡም። ከእንስሳት ውጤቶች ውጭ በተፈጥሮ ሊጠቀስ የሚችለው ለፀሐይ ወይም ለአልትራቫዮሌት ጨረር የተጋለጠ እንጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን የሚጾሟቸው ቀናት በዓመት ወደ 180 እንደሚደርሱ ይታወቃል። ሆኖም እጥረቱን በጾም ላይ ብቻ ማመካኘት ተገቢ አይሆንም። በፍስክ ወቅትም ቢሆን ከተለመደው ገበታ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ አነስተኛ በመሆኑ፣ ወሳኙ ነገር ቆዳ የሚያገኘው የፀሐይ ብርሃን ነው። ጾሙ የሚያስቀረው ከምግብ ይገኝ የነበረውን ጥቂት ድጋፍ ነው።

የፀሐይ ብርሃን ማነስ የሚያስከትለውን ጉዳት በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት በሚገባ ያመለክታል። እ.ኤ.አ በ1997 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑና የሳምባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210 ያህሉ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መልፈስፈስ ሕመም ሲኖርባቸው፣ የሳምባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። በአዋቂዎች ላይ እጥረቱ የአጥንት ሕመምና የጡንቻ መድከም ሊያስከትል የሚችል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ምልክት ይቆያል።

የቢሮ ሠራተኞችን በተመለከተ ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር፣ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ሙቀት ቢሰጥም ቫይታሚን ዲ የሚያዘጋጀውን ጨረር በአብዛኛው የማያሳልፍ መሆኑ ነው። ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ሥራ ገብቶ አመሻሽ ላይ የሚወጣ ሰው ጨረሩ የሚበረታበትን የቀኑን አጋማሽ አያገኝም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ተመሳሳይ መጠን ለማዘጋጀት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በመሆኑም በምሳ ዕረፍት ወቅት ፊትንና ክንድን ገልጦ ለጥቂት ጊዜ በእግር መንቀሳቀስ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ይህ ለማይቻላቸው ተጨማሪ ቫይታሚን መውሰድ አማራጭ ይሆናል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ በ2010 ባወጣው መመሪያ መሠረት እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ላሉ አዋቂዎች በቀን 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ማለትም 15 ማይክሮ ግራም፣ ከዚያ በላይ ዕድሜ ላላቸው ደግሞ 800 ዩኒት ይመከራል። በመመሪያው የአዋቂዎች የቀን ጣሪያ 4 ሺህ ዩኒት ነው። ከልክ በላይ መውሰድ በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን አብዝቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከፍተኛ መጠን ያለው መድኃኒት ያለ ደም ምርመራና ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለበትም።

ተጨማሪው ቫይታሚን በሁለት ዓይነት ይዘጋጃል። ዲ2 የሚሠራው በአብዛኛው ከእርሾ ሲሆን፣ ዲ3 ደግሞ በብዛት ከበግ ፀጉር ቅባት ይገኛል። ዲ3 በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ በማድረግ ረገድ የተሻለ ሲሆን፣ ከእንስሳት ውጤት ለሚታቀቡ ሰዎች ከድንጋይ ሽበት የሚዘጋጅ ዲ3ም አለ። የካፕሱሉ ሽፋን ከእንስሳት በሚገኝ ጄላቲን ሊሠራ ስለሚችል ማሸጊያውን ማንበብ ይጠቅማል።

ችግሩን በሕዝብ ደረጃ ለመከላከል ምግብን ማበልጸግ ውጤታማ መሆኑን የፊንላንድ ተሞክሮ ያሳያል። አገሪቱ እ.ኤ.አ ከ2003 ጀምሮ ወተትን በቫይታሚን ዲ በማበልጸግ የሕዝቧን የቫይታሚን ዲ መጠን ከፍ አድርጋለች። ወተት በጾም ወራት ከገበታ በሚነሣባት ኢትዮጵያ ግን የበለጸገ የምግብ ዘይት በጾምም ሆነ በፍስክ ወደ እያንዳንዱ ቤት ሊደርስ የሚችል በመሆኑ፣ ጾመኛውን የኅብረተሰብ ክፍል ለመድረስ የተሻለ መንገድ ነው።